በጎመን ቅጠል ቀዳዳ

መምህርት የትናየት ካሣሁን አንገቷ ላይ ሁለት ነገር ታንጠለጥላለች፤ አንዱ መስቀሏ ነው፣ ሁለተኛው ፍላሽ ዲስክ። ሁለቱንም ያሰረችው በአንድ ጥቁር ክር ነው። ያየ ሁሉ ይስቅባታል፤ እሷ ግን ጉዳይዋም አይደለ። ዛሬ ወገዳ፣ ነገ እስቴ፣ ከነገ ወዲያ ንፋስ መውጫ እየዞረች የአንደኛ ክፍል አስተማሪዎችን ታሠለጥናለች። ፍላሹን ከአንገቷ አውልቃ ኮምፒውተሩ ላይ ትሰካና «ይኸውላችሁ፣ የጎመን ቅጠል ጨዋታ» ትላቸዋለች። ልጆች ፊደል ለይተው ማንበብ የሚማሩበት ጨዋታ ነው። ለምን የጎመን ቅጠል እንደተባለ ሲጠይቋት ደግሞ «ጋሼ አድማሱን ጠይቋቸው» ብላ ወደ እኔ ትገፋቸዋለች።

አድማሱ እኔ ነኝ። ወገዳ ዳር ባለችው ትምህርት ቤታችን ሃያ ሦስት ዓመት አራተኛ ክፍል አስተምሬያለሁ። ይህን ታሪክ ለየሰዉ ስደጋግም ምላሴ ስለደከመ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

የትናየት የታች ጋይንት ልጅ ናት፤ ያደገችው አርብ ገበያ ነው። አባቷ አቶ ካሣሁን ጨውና ሳሙና ነበር የሚሸጠው። ዓርብ ዓርብ ከአባቷ ጎን ቁጭ ብላ ከሳሙናው ካርቶን ላይ ፊደል ትለቅም ነበር። ከአንዱ ካርቶን «ሳ»ን፣ ከሌላው «ሙ»ን፣ ከጨው ጆንያ «ጨ»ን እያለች፣ ያገኘችውን ገበያተኛውን እየጠየቀች፣ ማንም ሳያስተምራት አንባቢ ሆና ትምህርት ቤት ገባች። ቄስ ትምህርት ቤት አልዋለችም፤ በሰፈሯ በዚያን ጊዜ ሴት ልጁን የኔታ ዘንድ የሚልክ ሰው አልነበረም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ያስፈልጋል።

በ2002 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቃ እኛ ዘንድ ተመደበች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትናገር ሰው ዓይን ውስጥ የምታይ፣ «አይቻልም» ሲሏት ያልሰማች የምትመስል ልጅ ናት። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የጠላኋት። መጥላት ስል እንዲያው የሽማግሌ ጥላቻ ነው፤ ወጣት ሰው ሲቸኩል ሳይ ያመኛል።

በሚቀጥለው ዓመት አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት አራት ኮምፒውተር ላከልን። ርእሰ መምህሩ ከተሰባበሩት ዴስኮች ጋር ዕቃ ቤት አስገባቸውና ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ቆለፍኩባቸው። የትናየት በነጋታው መጣች።

«ጋሼ አድማሱ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ልጆቹን ላስነብብበት።»

«ምነው፣ ጠመኔ አነሳቸው?»

«ጠመኔስ አላነሳቸውም። ተራ ነው ያነሳቸው። ዘጠና አንድ ልጅ ነው ያለኝ። በቀን ስንቱ ሰሌዳው ጋ ይደርሳል ብለው ነው?»

ቁልፉን ሰጠኋት። ግን እየወጣች ሳለ «በዚህ ሳጥን አንድ ልጅ ካነበበ መጥረጊያ ይዤ ክፍሉን የምጠርገው እኔ ነኝ» ብዬ ጮህኩባት።

ኮምፒውተሮቹ ላይ የተጫነ የማንበቢያ ጨዋታ ነበር፤ በእንግሊዝኛ። አንዲት ፈረንጅ ሴት በቀጭን ድምፅ ስለ ፖም ታወራለች። ልጆቻችን ፖም በልተው አያውቁም፤ ሴትዮዋ የምትለውም አይገባቸውም፤ ዝም ብለው ማውሱን እየጫኑ ይስቃሉ። የትናየት ሁለት ሳምንት አየችና ዘጋችው። ከዚያ ፓወር ፖይንት በሚባለው፣ ሌላው ሰው ለስብሰባ በሚጠቀምበት፣ የራሷን የአማርኛ ጨዋታ መሥራት ጀመረች። ክረምቱን ሙሉ ሠራችው። ሰባት ፊደል በአንድ መስመር ይደረደራል፤ የእሷ ድምፅ አንዱን ፊደል ይጠራል፤ ልጁ የተጠራውን ይጫናል። ልክ ከሆነ አንዲት ዶሮ እንቁላል ትጥላለች። አሥር እንቁላል ሲሞላ ጫጩት ይፈለፈልና «ጎበዝ!» ይላል። ዶሮዋን የሣለቻት በማውስ ስለሆነ ከዶሮ ይልቅ ጀሪካን ትመስል ነበር፤ ልጆቹ ግን ወደዷት።

በ2004 ዓ.ም. መስከረም፣ ምዝገባ ላይ ሳለን፣ አቶ ፈንታው የሚባል የገብስ ገበሬ ልጁን ይዞ መጣ። ልጅቱ ዘርፌ ትባላለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንደኛ ክፍል ስትገባ ይህ ሦስተኛዋ ነው። እኛ እንኳ ወደ ሁለተኛ አሳልፈናት ነበር፤ «ሳታነብ ሁለተኛ ክፍል ምን ትሠራለች» ብሎ የሚመልሳት አባቷ ራሱ ነው። ፈንታው ቃሉ አንድ የሆነ ሰው ነው፤ አገሩ በሙሉ ያውቅለታል።

«መምህርት፣ ልንገርዎት» አላት። «ይች ልጅ ሁለት ዓመት ተመላልሳ አንዲት ወረቀት አታነብልኝም። እናቷን ጉልበቷን ያማታል፤ ውኃውም እንጨቱም እጅ ይፈልጋል። እስከ ሰኔ ልተዋት። በሰኔ ካላነበበች ግን ከእንግዲህ ቤቷ ትቀመጥ።»

«በሰኔ ታነባለች» አለችው የትናየት።

«ካላነበበችስ?»

«ካላነበበች እኔው እጇን ይዤ ቤትዎ ድረስ አምጥቼ አስረክብዎታለሁ።»

«ቃል ነው?»

«ቃል ነው።»

መዝገቡን እየሞላሁ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ደሜ ፈላ። ሰው በሰው ልጅ ዕድል ላይ እንዲህ በቀላሉ አፉን ይሞላል? ዘርፌ አንገቷን ደፍታ የአባቷን ጋቢ ጫፍ ትጠቀልላለች። ስለ እሷ እንደሚነጋገሩ ታውቃለች፤ የማታውቀው ምን ብታደርግ እንደሚሻላት ነው።

ኅዳር ላይ ዘርፌ ከክፍሉ ሁሉ አንደኛ ሆነች። የእሷ ዶሮ አፍታም ሳታርፍ ትጥላለች። ሌሎቹ ልጆች ከኋላዋ ተሰብስበው ያዩዋታል። የትናየት መምህራን ክፍል ገብታ «ዘርፌ መቶ ከመቶ!» ስትል እኔ ጋዜጣዬን አነሣሁ።

አንድ ቀን በመስኮቱ በኩል ሳልፍ ቆም ብዬ አየኋት። የዘርፌ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ» እያለች ከመጀመሪያው ትነሣና፣ የተጠራው ፊደል ተራው ሲደርስ ትጫነዋለች። ጨዋታው ፊደሉን ሁልጊዜ በተራው ነው የሚደረድረው። እኛ አገር ደግሞ ልጅ ሁሉ፣ ከብት ጠባቂውም ሳይቀር፣ ሀሁን እንደ ዘፈን በአፉ ይዞ ነው የሚያድገው። ዘርፌ አንዲት ፊደል አታውቅም ነበር። ተራውን ነበር የምታውቀው።

እኔ ልጅ ሳለሁ ሦስት ዓመት የኔታ ወልደማርያም ዘንድ ተምሬያለሁ። የቄስ ትምህርት ቤት ሥርዓቱ ይህን ያውቃል። ልጁ ሀሁን ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳ የሚባለው ላይ ይገባል፤ ያው ፊደል ነው፣ ግን ቦታው ተዘበራርቋል፤ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ» እያለ ይሄዳል። አፍ ከዓይን እንዳይቀድም ተብሎ የተሠራ ነው። ይህን እያወቅሁ፣ የዘርፌን ከንፈር እያየሁ፣ ዝም ብዬ አለፍኩ።

ለምን? ቀናሁባታ! በጠመኔ ያልሆነልኝን በጀሪካን ዶሮ ሠርታ ስታሳየኝ እንድትወድቅ ፈለግሁ። የዘርፌን ነገር አላሰብኩም። ዛሬም ሳስታውሰው አፍራለሁ።

የካቲት ላይ ፈንታው ሳይጠራ ኮምፒውተሮቹ ያሉበት ክፍል ድረስ መጣ፤ ብቻውንም አልነበረም። «እኔ ፊደል አላውቅም» አለ። «ስለዚህ የሚያውቅ ይዤ መጣሁ።» ከኋላው የኔታ ወልደማርያም መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ገቡ። ከሰባ ያለፉ፣ አጭር፣ ድምፃቸው ግን ከሰውነታቸው በእጥፍ የሚበልጥ ሰው ናቸው። ሁላችንም ብድግ አልን፤ እኔ የሃምሳ ዓመቱ ሰውዬ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እንደ ተማሪ ቆምኩ።

«ፊደል የምታስቆጥረው ይች ናት?» አሉ ኮምፒውተሩን እያዩ።

«አዎ፣ የኔታ» አለች የትናየት። ፊቷ ላይ ጭንቀት የሚባል የለም።

«በይ ትቁጠር።»

ዘርፌ ተቀመጠች። ዶሮዋ ጣለች፣ ደግማ ጣለች፤ አሥሩ ሞላ፤ ጫጩቱ «ጎበዝ!» አለ። ፈንታው «እሰይ!» ብሎ ሊያጨበጭብ ደረሰ። የኔታ መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ። የተቆጡ መሰለን። በበሩ ስናይ ወደ ዘበኛው የጎመን መደብ ሄደው አንድ ሰፊ ቅጠል ቀነጠሱ፤ መሐሉን በስንደዶ በሱት፤ ተመለሱ። ዘበኛው ጎመኑ ስለሆነበት ከኋላ ከኋላ ይከተላቸዋል። ቅጠሉን የኮምፒውተሩ መስተዋት ላይ ለጠፉት። መስመሩ በሙሉ ተሸፈነ፤ በቀዳዳው አንዲት ፊደል ብቻ ቀረች።

«ዘርፌ፣ ልጄ፣ ይች ማን ናት?»

ዘርፌ ወደ ቀዳዳው ተጠጋች። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ግን ከየት ትነሣ? መነሻው በቅጠል ተሸፍኗል።

«የኔታ፣ ቅጠሉን ያንሡልኝ» አለች በቀስታ። «ከሀ ልጀምር።»

የኔታ ቅጠሉን አላነሡትም።

«አየሽ መምህርት» አሉ የኔታ፣ ለስለስ ብለው። «አፏ ያውቃል፤ ዓይኗ ገና ነው። ልጅቱ አላታለለችም፣ ዕቃሽም አላታለለም። ያስተማራችኋትን ተራ ነው በደንብ የያዘችው።»

የፈንታው ፊት ጠቆረ። «እንግዲያ ሁለት ዓመት የነበረው ሦስት ሆነ ማለት ነው። ዘርፌ፣ ተነሽ እንሂድ።»

«ፈንታው!» አሉ የኔታ፤ አሁን ድምፃቸው ከፍ አለ። «ለመምህሪቱ የሰጠሃት ቃል እስከ መቼ ነበር?»

«እስከ ሰኔ።»

«ዛሬ ወሩ ምንድን ነው?»

«የካቲት።»

«እንግዲያ ልጅቱን ከመቀመጫዋ አታንሣት።»

ፈንታው ጋቢውን አጣፋ። «እሺ። በሰኔ ግን ዶሮም አልፈልግ፣ ሳጥንም አልፈልግ። ራሴ ነኝ የምፈትናት፤ እኔ በማውቀው ወረቀት።»

ሰዉ ሁሉ ሲወጣ የትናየት ቁጭ ብላ ቀረች። ቅጠሉን ከመስተዋቱ ላይ ላጠችውና በቀዳዳው መስኮቱን፣ ሰሌዳውን፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየችኝ። ያን ጊዜ አፌ ራሱ ተናገረ።

«ኅዳር ላይ አይቻለሁ። አውቄ ዝም አልኩሽ።»

«ለምን?»

«ቀንቼ።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ይገባኝም ነበር። እሷ ቅጠሉን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። «እኔ ፊደል የለየሁት ከሳሙና ካርቶን ነው» አለች። «ተራ የሚባል ነገር አልነበረውም። ለዚህ ነው ያልታየኝ። እርስዎስ ታይቶዎት ነበር።» ደብተሯን ዘጋችና «ቅዳሜ ከሰዓት ይምጡ፤ ሥራ አለ» አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንሥታብኝ አታውቅም።

ያን ዐቢይ ጾም ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስታችን ተቀመጥን፤ እሷ ኮምፒውተሩ ላይ፣ የኔታ ወንበር ላይ፣ እኔ ደግሞ በሁለቱ መካከል። ዶሮዋ ጡረታ ወጣች። የትናየት በምትኳ አንድ ትልቅ አረንጓዴ ቅጠል ሣለች፤ መሐሉ ላይ አንድ ቀዳዳ፣ በቀዳዳው አንድ ፊደል። ልጁ ያየውን ጮክ ብሎ ይላል፤ ከዚያ ሲጫን የኮምፒውተሩ ድምፅ ትክክለኛውን ይነግረዋል። ፊደሉ በመጀመሪያ በአቡጊዳ ሄደ። «ይህንንም ቢሆን ልጅ በቃሉ ይይዘዋል» ሲሉ የኔታ አስጠነቀቁን፤ እሳቸው ስንቱን አሳልፈዋል። ስለዚህ ፊደሉን ሁሉ በቁርጥራጭ ወረቀት ጻፍኩት፣ ባርኔጣዬ ውስጥ ጨምሬ አማሰልኩት፣ እያወጣሁ ጠራሁላት፤ እሷ በወጣው መልክ አስገባችው። አምስት ጊዜ አማስለን አምስት ጨዋታ ወጣልን። የትናየት ዛሬ ስታሠለጥን «ጋሼ አድማሱን ጠይቋቸው» የምትለው ለዚህም ጭምር ነው፤ ባርኔጣው የእኔ ነዋ!

ድምፁ የኔታ ራሳቸው ይሁኑ አለች። «እኔ ከሳጥን ውስጥ?» ብለው ተቆጡ። ሦስት ቅዳሜ ለመነቻቸው። በአራተኛው ጉሮሯቸውን ጠራርገው መጡና በሞባይሏ ቀዳቻቸው። አንዷንም ፊደል ሳይደግሙ ከዳር ዳር አሉት።

በመጀመሪያው ቀን የሆነውን ግን ማናችንም አላሰብነው። አሥራ ሁለት ልጆች ኮምፒውተሮቹ ፊት ተቀምጠዋል። የኔታ ድምፅ ከሳጥኑ ሲወጣ አሥራ ሁለቱም ብድግ ብለው፣ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ማውስ የሚነካ የለም።

«ቁጭ በሉ፤ የኔታ እዚህ የሉም» አለች የትናየት።

«ኧረ መምህርት፣ ይሰማሉ!» አለቻት አንዷ በሹክሹክታ።

ብትለምን፣ ብትስቅ፣ ብትቆጣ እምቢ አሉ። በመጨረሻ የኔታን እንደገና አስመጥተን ከጨዋታው መጀመሪያ ላይ «ልጆቼ፣ ቁጭ በሉ» የምትል አስቀዳናቸው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ተቀመጠ። ይች ድምፅ እስከ ዛሬ አለች፤ እስቴም ንፋስ መውጫም ያሉ ልጆች፣ የኔታን በዓይናቸው ያላዩት፣ ሲፈቀድላቸው ነው የሚቀመጡት። ፍላሹ አንድ ጊዜ ጠፍቶ ሁለት ቀን ስናስስ ሰነበትን፤ ሲገኝ የኔታ ከኪሳቸው ጥቁር ክር አወጡና «እሰሪው» አሏት። አሰረችው።

ዘርፌ ግን ወደቀች። ትናንት አንደኛ የነበረችው ልጅ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዲት ፊደል አልመጣላትም። ሌላው ልጅ ከጎኗ ሲጮህ ያንኑ ትላለች፤ ጆሮዋ ዓይኗን ይቀድማታል። አንድ ቀን ጭራሽ ቀረች። የትናየት የአንድ ሰዓት መንገድ በእግሯ ሄዳ ይዛት መጣች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ ሌሎቹ ሲበተኑ፣ ብቻዋን አስቀመጠቻት።

«ዘርፌ፣ ስሚኝ። ማንም ቢጮህ፣ ዓይንሽ ያየውን ብቻ ነው የምትይው። እኔ እንኳ ብሳሳት አትከተይኝ።»

ከዚያም አውቃ ትሳሳት ጀመር። በቀዳዳው «ሰ» እየታየች «ይች ለ ናት፣ አይደል?» ትላታለች። ዘርፌ «አዎ፣ ለ» ትላለች። በነጋታውም «አዎ» ትላለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጥርሴን እነክሳለሁ። መብራት በሌለ ቀን በእውነተኛ የጎመን ቅጠል፣ በወረቀት ላይ ይሠራሉ፤ የዘበኛው መደብ ተመናምኖ ሰውዬው ለርእሰ መምህሩ አቤቱታ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ዘርፌ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አገናኝታ ቀለበት ትሠራለች፤ በዚያ ቀዳዳ ታያለች።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት የትናየት «ይች ቀ ናት፣ አይደል?» አለቻት።

«አይደለም» አለች ዘርፌ። «በ ናት።»

የትናየት እልል አለች፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሰማ። እኔም፣ ይነገር እንግዲህ፣ አለቀስኩ። በማግሥቱ በጠዋት መጥረጊያ ይዤ ክፍሉን ጠረግሁ፤ የተናገርኩትን አልረሳሁም ነበር። ከዚያ ቀዳዳው እየሰፋ ሄደ፤ ሁለት ፊደል፣ ሦስት ፊደል። «በሬ» አለች፣ «ገብስ» አለች፣ «ወንዝ» አለች። ግን ገና ቀስ እያለች፣ እየተደናቀፈች ነው። ሰኔም ደረሰ።

የወላጆች ቀን ፈንታው ሚስቱን ላቀችን አስከትሎ መጣ። ላቀች ጉልበቷን እየጎተተች ስትገባ ወንበር አቀረብንላት። የኔታም ነበሩ። ፈንታው ከጋቢው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ፌስታሉን ፈታ፣ በውስጡ ያለውን ጨርቅ ፈታ። የመሬት ደብተሩ ነበር።

«ይህን ወረቀት አውቀዋለሁ» አለ። «የቀበሌው ጸሐፊ የሰጠኝ ዕለት አንብቦልኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ ከላይ እስከ ታች በቃሌ ይዤዋለሁ። ከስሜ ነው የሚጀምረው።» ከፈተውና አውራ ጣቱን ከመጀመሪያው የእጅ ጽሑፍ መስመር ሥር አደረገ። «ዘርፌ፣ ይች ምን ትላለች?»

ከቆምኩበት ጽሑፉ አይታየኝም፤ ደብተሩ ፈንታው እጅ ነው። የትናየት አንገቷ ላይ ያለውን ክር ጨብጣለች። ዘርፌ ጣቶቿን አገናኘች፤ ቀለበቱን መስመሩ ላይ አስቀመጠች። ቀስ እያለች ገፋችው።

«ላ… ቀ… ች» አለች። «ላቀች።»

«አይደለም» አለ ፈንታው። ድምፁ የቁጣ አልነበረም፤ ያዘነ ሰው ድምፅ ነበር። «ይች ስሜ ናት፣ ልጄ። ፈንታው ነው የምትለው። ደግመሽ እያት።»

ይች ልጅ ዕድሜዋን ሁሉ የሰማችውን ስትደግም የኖረች ናት። አሁን የሚነግራት አባቷ ነው፤ መልሱንም አስቀድሞ ሰጥቷታል። «ፈንታው» ብላ ብትደግምለት ፈተናው ያልፋል፤ አባቷ ደስ ብሎት ይሄዳል። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እደግመው ነበር።

ዘርፌ ቀለበቱን እንደገና ከመጀመሪያው አደረገች። አንዷን አየች፣ ሁለተኛዋን አየች፣ ሦስተኛዋን አየች። ከዚያ ቀና አለች።

«አይደለም፣ አባየ። ይች እማየ ናት። ላ፣ ቀ፣ ች።» ጣቶቿን ወደ ታችኛው መስመር አወረደች። «ያንቱ ስም ከሥሯ ነው። ፈ፣ ን፣ ታ፣ ው።»

ፈንታው ደብተሩን ለየኔታ ሰጣቸው። የኔታ ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ያዙት፤ አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ።

«ልጅቱ ልክ ናት፣ ፈንታው። ላይኛዋ ላቀች ናት። አንተ ከሥር ነህ።»

«ጸሐፊው ግን ፈንታው ብሎ ነው የጀመረልኝ!»

«ለባልየው ክብር ብሎ ይሆናል። መሬቱ ከላቀች አባት የመጣ አይደለም እንዴ?»

ፈንታው አጠገቡ ያለው ዴስክ ላይ ተቀመጠ። «ስድስት ዓመት!» አለ። «ስድስት ዓመት እንግዳ በመጣ ቁጥር ጣቴን እዚህ ላይ አድርጌ ‹ይች ስሜ ናት› እል ነበር። ለካ እኔም እንደ ዘርፌ በተራ ነው የያዝኩት!» መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው፤ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ ተነሣና ለየትናየት ጎንበስ አለላት። «መምህርት፣ ቃልዎን ጠብቀዋል። እኔም እጠብቃለሁ። የሁለተኛ ክፍል ምዝገባው መቼ ነው?»

«መስከረም ላይ ነው» አለችው የትናየት፣ ክሯን እንደጨበጠች።

ላቀች ደብተሩን ከየኔታ እጅ ተቀበለችና ጭኗ ላይ ዘረጋችው።

«እስቲ ድገሚልኝ» አለቻት ልጇን። «የቷ ጋ ነኝ?»

ዘርፌ የእናቷን ሻካራ ጣቶች አገናኝታ ቀለበት ሠራችላት። ቀለበቱን የላይኛው መስመር ላይ አደረገችው።

«ይች ላ ናት» አለቻት።

«ላ» አለች ላቀች።

«ይች ቀ።»

«ቀ።» ከዚያ ላቀች ልጇን ሳትጠብቅ፣ ደስ ብሏት፣ «ች!» አለች።

ዘርፌ እንደ የኔታ ለስለስ ብላ አረመቻት። «ተራውን አትከተይ፣ እማየ።» የእናቷን እጅ ይዛ ከገጹ ግርጌ፣ ወሰኑ ከተጻፈበት መስመር መካከል፣ ሌላ ቦታ አሳረፈችው። «እዚህ ጋ እይ። ይችስ ማን ናት?»

ላቀች በጣቶቿ ቀዳዳ ለረጅም ጊዜ አየች። እኛም ጠበቅን።

«ላ ናት» አለች።

ተጠግቼ አየሁ። ላ ነበረች።